ሁለት ካርድ ለሦስት ሽማግሌ

ካርዱ ይሠራል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የካርዱን መጨረሻ ለማወቅ ብሎ የሚያነብ ሰው እንዳይደክም ነው። አሁንም ጠረጴዛዬ ሥር፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሆኖ ማራገቢያው እየጮኸ ነው፤ አንድ የቁይ ከተማ ነጋዴ ሊያሠራው ያሰበውን፣ መሠረቱ እንኳን ገና ያልተቆፈረውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት የጠዋት ፀሐይ እያለበሰልኝ ነው። እኔ ልተርክ የተነሣሁት የካርዱን መሥራት አይደለም። ካርዱን የሚመርጠው ማን ነው በሚል ጉዳይ ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት፣ ሦስት ሽማግሌ የተቀመጠበትን ቀን ነው። ነገሩን ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ቢያናድደኝም አላፍርበትም።

ሥራዬ ቤት መሣል ነው። አርክቴክቸር ተምሬያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የንግድ ፈቃዱን አወጣ፣ ክፍሉን ተከራየ፣ ደንበኛ የሚያመጣው እሱ ነው። ሰው ከአካባቢው ከተሞች፣ ከጉንደ ወይንና ከቁይ ሳይቀር፣ የቦታውን ካርታ ጠቅልሎ ይመጣል፤ ወንድሜ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል፣ ያጫውተዋል፣ እኔ እሣላለሁ። ድሮ የክፍሎቹን አቀማመጥ በወረቀት ካየ ይበቃው ነበር። አሁን አይበቃውም። ቤቱን ሳይሠራው ሊያየው ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጥላ ይኖር እንደሆነ፣ የግቢው በር አረንጓዴ ቢቀባ ያምር እንደሆነ፣ ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚያየው ጎረቤት ምን እንደሚል ጭምር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የኛ አገር ደንበኛ ቤቱን ብቻውን ሣዪልኝ አይልም፤ ግቢውንም ይፈልጋል። «ባሕር ዛፌን እንዳትቆርጪብኝ» ያለኝ ገበሬ አለ፤ ሥዕሉ ላይ ማለቱ ነው። ሌላው ጌሾውን፣ ሌላዋ ከጓሮ ያለውን ጎመን ካላየች ቤቱ የሷ አይመስላትም። በኢንተርኔት የተማርኩባቸው የውጭ ቪዲዮዎች ላይ ቤት ሲሣል ዙሪያው ባዶ ሣር ነው፤ አንድ ዛፍ፣ አንድ መኪና፣ አለቀ። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደዚያ አድርጌ ባሳይ «ይህማ የኔ ቦታ አይደለም» ብሎኝ ተነሥቶ የሄደ ሰው አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ የድንጋይ ካቡን ድንጋይ በድንጋይ፣ ባሕር ዛፉን ቅጠል በቅጠል፣ የጭዱን ክምር ሳይቀር እሠራለሁ። የታወቅነውም በዚህ ነው።

ቅጠሉ ሁሉ ግን መቀመጫ ይፈልጋል። ሥዕሉን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ ነው። ካርዱ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ግቢው በሙሉ፣ ከነካቡ ከነቅጠሉ፣ እዚያ ሜሞሪ ላይ ካልገባ ሥራ አይጀመርም። እኔ የምሠራበት ፕሮግራም ትንሽ ታገሺኝ ብሎ ነገር አያውቅም። ሜሞሪ ጎደለኝ የምትል አንዲት መስመር ይጽፍና ድርግም ይላል። ያን ጊዜ የነበረን ካርድ ሜሞሪው ስድስት ጊጋ ብቻ ነበር፤ እሱንም እየለመንኩ እያባበልኩ ነበር የማሠራው።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የጉንደ ወይን ሰው ከባለቤቱ ጋር መጣ። መንገድ ዳር ሆቴል ሊሠራ አስቧል። ቦታው ላይ አባቱ የተከሏቸው ወይራዎችና ጽዶች አሉ፤ ሆቴሉ በነሱ መካከል እንዲቆም ነው የሚፈልገው፤ አንዱም እንዲነካ አይፈልግም። ቦታው ድረስ ሄጄ እያንዳንዱን ዛፍ ፎቶ አነሣሁ፣ ለካሁ። ሣልኩት። ባልና ሚስቱ ሊያዩት ከኋላዬ ቆመው ሳለ ሥዕሉን ላውጣ ብዬ ስጫን ስክሪኑ ነጣ፣ ፕሮግራሙ ተዘጋ። ደግሜ ሞከርኩ። ተዘጋ። ሴትዮዋ «መብራት ሄዶ ነው?» አለች። አምፖሉ ከራሷ በላይ ቦግ ብሎ በርቷል። ወንድሜ ፊቱ ልውጥውጥ አለ፣ «በሌላ ቀን እናሳያችኋለን» ብሎ እስከ በር ሸኛቸው።

ካርድ መቀየር እንዳለበት የዚያን ዕለት ተስማማን። በአጋጣሚ ዱባይ የሚኖር ዘመዳችን ለበዓል ሊመጣ ነው፤ በሻንጣው አንድ ካርድ ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገባ። አንድ ብቻ። የትኛውን እንደሚገዛ ቶሎ እንድንነግረው ጠየቀን። ስንት ነው፣ ከየት ይመጣል የሚለው አላጣላንም፤ ቢሮው የሁለታችን ነው፣ ገንዘቡም የሁለታችን። ያጣላን የትኛው የሚለው ነው።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ካርዶች የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። አንዱ ቀደም ያለው ትውልድ ነው፤ አሮጌው ልበለው። ሌላው ከሱ ቀጥሎ የወጣው፤ አዲሱ። አሮጌው ስል ያገለገለ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም ከነካርቶናቸው የሚሸጡ ናቸው። ወንድሜ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያወዳድር ድረ ገጽ አግኝቶ ስልኩን ይዞ መጣ። የበለጠው በአረንጓዴ፣ ያነሰው በቀይ ተጽፏል። አረንጓዴዎቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረልኝ። ከሁሉ በላይ በትልቁ የተጻፈው የሒሳብ አቅማቸው ነው፤ አዲሱ አሥራ አምስት ቴራፍሎፕስ፣ አሮጌው አሥራ ሦስት እንኳን አይሞላም። ቴራፍሎፕስ ማለት ካርዱ በአንድ ሰከንድ ስንት ትሪሊዮን ሒሳብ መሥራት ይችላል የሚል መለኪያ ነው።

«አሥራ አምስት ከአሥራ ሦስት አይበልጥም?» አለኝ።

«ይበልጣል።»

«በቃ!»

በቃ የምትባለዋን ቃል አልወዳትም። ሰው በቃ የሚለው ብዙውን ጊዜ ገና መጀመሪያው ላይ ሳለ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» አልኩት። ማንም ካርዱን አሠርቶ አልለካውም። በወረቀት ላይ በማባዛት የተገኘ ነው። ካርዱ ውስጥ ኮር የሚባሉ ትንንሽ ሠራተኞች አሉ። ስንት ናቸው? በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመታሉ? በአንድ ምት ሁለት ሒሳብ ይሠራሉ ይባልና በሁለት ይባዛል። አለቀ። ስሌቱ አንዱም ሠራተኛ ለአፍታ እንደማይቀመጥ፣ ሁሉም ሥራ በሰዓቱ እጁ ላይ እንደሚደርስለት አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የት አለ? እኔ ማርቆስ ውስጥ አላየሁም። ደግሞም በኮር ብዛት የሚበልጠው አሮጌው ነው፤ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ አራት አለው። አዲሱ ሦስት ሺህ ሰባ ሁለት ነው፤ በወረቀት የቀደመው ቶሎ ቶሎ ስለሚመታ ብቻ ነው።

ከዚያ ጣቴን ወደ ታች አወረድኩት፣ ወንድሜ ሳያይ ወዳለፋቸው ቀዮች። ሜሞሪ፣ አሮጌው አሥራ ሁለት ጊጋ፣ አዲሱ ስምንት። ከሜሞሪው ወደ ኮሮቹ የሚወስደው መንገድ ስፋት፣ አሮጌው መቶ ዘጠና ሁለት ቢት፣ አዲሱ መቶ ሃያ ስምንት። በዚያ መንገድ በሰከንድ የሚያልፈው፣ አሮጌው ሦስት መቶ ስልሳ ጊጋ፣ አዲሱ ሁለት መቶ ሰባ ሁለት። አዲስ ትውልድ መጣ ብለው ሜሞሪውን ቀንሰው፣ መንገዱን አጥብበው አረንጓዴ ቀብተው ይሸጡልናል። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ፋብሪካውን እንጂ ወንድሜን አልነበረም የምቆጣው።

ወንድሜ ሞኝ አይደለም። እሱም ወደ ታች ወረደና የመብራቱን ነገር አመጣ። አሮጌው መቶ ሰባ ዋት ይበላል፣ አዲሱ መቶ አሥራ አምስት። እኛ ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። መብራት ድንገት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ ደግፎ የሚያቆይልን አንድ ደካማ ባትሪ ነው ያለን፤ የሚበላው ሲበዛ ባትሪው ቶሎ ይሞታል፣ ሥራው ሳይቀመጥ ይጠፋል።

«እዚህ ላይ ልክ ነህ» አልኩት፤ አላመነታሁም። «ሥራው ከገባለት አዲሱ ይቀድማል፣ ያውም ባነሰ መብራት። ካልገባለት ግን ኋላ መቅረት ብቻ አይደለም፣ ጭራሽ አይነሣም። የጉንደ ወይኑ ግቢ ከዘጠኝ ጊጋ በላይ ጠይቋል፤ ፕሮግራሙ ከመዘጋቱ በፊት ራሱ ጽፎታል። ዘጠኝ ስምንት ውስጥ አይገባም።»

«እንግዲያው ዛፉን ቀንሺዋ! ግማሹን አጥፊው። ማን ይቆጥረዋል?»

«ባለቤቱ ይቆጥረዋል።»

ሣቀ። ስልኩን ኪሱ ከተተና «አንቺ ሥዕልሽን ሣዪ፣ ዕቃውን ለኔ ተዪው» አለኝ። ይህን ያለኝ በክፋት አይደለም፤ ከባድ ዕቃ ሊያግዘኝ እንደፈለገ ሰው ነው የተናገረው። ደሜን ያፈላውም ያ ነው። ጮኽኩበት። ምን እንዳልኩት ሁሉ አልደግመውም፤ ግን ጎረቤት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ማውዙን አስቀምጬ፣ ነጠላዬን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ካርዱን እኔ ካልመረጥኩ አልመለስም ብዬ ነው የወጣሁት።

ነገሩ የአራት ጊጋ ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በተማርኩት፣ በዓይኔና በእጄ በምሠራው ሥራ ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? ዛሬ ካርዱን ከመረጠልኝ፣ ነገ የመስኮቱን ስፋት ይመርጥልኛል፤ ከነገ ወዲያ የየትኛው ሰው ወይራ እንደሚጠፋ እሱ ይወስናል። ያን ጊዜ እኔ ማን ነኝ? ማውዝ የምታንቀሳቅስ እጅ። እጅ ለመሆን አይደለም ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ወንድሜ ትዳር ይዞ ሌላ ሰፈር ነው ያለው፤ ግን ከቢሮ ሲመለስ እናታችንን ሳያይ ወደ ቤቱ አይገባም። እሱ ሲመጣ እኔ ወደ ጓዳ መግባት ጀመርኩ። ሰላምታ ቆመ። እናቴ መካከላችን ላይ ቆማ ለእኔ የሚለውን ለእኔ፣ ለእሱ የምለውን ለእሱ ታደርሳለች። ቢሮው እንደ ተዘጋ ነው፤ የጉንደ ወይኑ ሰው ይደውላል፣ ወንድሜ አያነሣም፤ የዱባዩ ዘመዳችን ይደውላል፣ ለእሱም መልስ የለም። እናቴ ምግብ እየቀረበላት መግፋት ስትጀምር ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። እሷ ከምትችለው በላይ ሲሆን ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ሽማግሌ ጠራች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። አንደኛው የነፍስ አባታችን ናቸው። ሁለተኛው የሰፈራችን እድር ዳኛ፤ ድንበርም ይሁን ውርስ፣ የተጣላ ሰው ሁሉ እሳቸው ደጅ ነው የሚሄደው። ሦስተኛው የእናቴ አጎት፣ ከዲማ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው እኛ ቤት ያረፉ፤ በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። አንዱ ጎረቤታችንም ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እንዲህ ባለ ቀን ጎረቤት አይከለከልም። እናቴ ጠላውን በማንቆርቆሪያ እየቀዳች ትዞራለች።

ሥርዓቱ እንደሚያዘው ታላቁ ቀድሞ ተናገረ። ወንድሜ ሲናገር ያምርበታል፤ ደንበኛ የሚያመጣው በአፉ አይደል። አሥራ አምስትና አሥራ ሦስቱን፣ መብራቱን፣ ማውዝ ጥዬ መሄዴን፣ ጩኸቴን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተራዬ ሆነ። ስለ ቴራፍሎፕስ ብናገር ምን እንደሚሆን አውቄ በሚያውቁት ልጀምር ብዬ በአውድማ ጀመርኩ።

«አባቶቼ፣ በሬው የቱንም ያህል ቢፈጥን አውድማው ከጠበበና ነዶው ካልገባ ምኑን ያበራያል?» አልኩ፤ ያሸነፍኩ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው።

የእድሩ ዳኛ ጊዜም አልወሰዱም። «በሁለት ዙር ማበራየት ነዋ! ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ።»

ሁሉም ሣቁ፤ የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ። ዳኛው ገበሬ ሆነው ያደጉ ሰው ናቸው፤ የኔን አውድማ ከኔ በላይ ያውቁታል። ካርዱ ዙር አያውቅም፣ ግቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልተቀመጠለት የአንዱ ዛፍ ጥላ በሌላው ላይ የት እንደሚወድቅ ሊያሰላ አይችልም ብዬ ብናገርም ሣቁ ገና አላለቀም ነበር። በምሳሌ ልረታ መጥቼ በምሳሌ ተረታሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ሆነ ይሁን ብዬ ቁጥሮቹን በሙሉ፣ እንደ አወጣጣቸው፣ ሳላቃልል ተናገርኩ። ቢያንስ እውነቱ በዚያ ቤት ውስጥ ይነገር።

ዳኛው በጥሞና ሰሙኝ። ሰምተውም በሕይወታቸው ሙሉ ሲያደርጉት የኖሩትን አደረጉ። «እንዲያው ልዩነታችሁ ይህን ያህልም አይደለም» አሉ። «እሱ ስምንት ይላል፣ አንቺ አሥራ ሁለት ትያለሽ። ለምን አሥር ላይ አትገናኙም?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አይቀልዱም። የነፍስ አባታችን «መልካም ነው፣ አሥር መልካም ነው» አሉ። ከነዚህ ከሁለቱ ካርዶች አሥር ጊጋ ያለው የለም፣ በሬ ገዝቶ እንደ መካፈል አይደለም ብል ማን ይስማኝ። ይባስ ብሎ ወንድሜ ብድግ አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ለእናንተ ክብር ስል፣ አሥሩን ተቀብያለሁ» አለ።

አየሁት። የሌለ ካርድ መሆኑን ልቅም አድርጎ ያውቃል። የሌለውን ካርድ ተቀብሎ እሱ ትሑት ሆነ፣ እኔ እምቢተኛ። ሽማግሌ ፊት ቀድሞ እሺ ያለ አሸናፊ ነው፤ የተቀበለው ነገር ይኑር አይኑር የሚጠይቅ የለም። «ይኸው ታላቅሽ ከስምንቱ ወደ አሥሩ መጣልሽ» አሉኝ ዳኛው። «አንቺስ?»

«እኔ አሥራ ሁለት ነኝ» አልኩ።

ዳኛው ተነፈሱ። «እንግዲህ እኛ እንፍረድ። ዋስ ጥሩ።»

እኛ ዘንድ ፍርዱ ከመነገሩ በፊት ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። የሽማግሌዎቹን ቃል እቀበላለሁ፣ ባልቀበል ዋሴ ይጠየቅ ማለት ነው። ፍርዱ ምን እንደሆነ ሳይሰማ ነው ይህ። ወንድሜ በር አጠገብ የተቀመጠውን ጎረቤታችንን ጠራ፤ ጎረቤታችንም ተነሥቶ እሺ አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«አልጠራም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ዋስ አልጠራም። ከወንድምሽ ታረቂ ካላችሁኝ አሁኑኑ ጉልበቱን እስማለሁ፤ ታላቄ ነው፣ ጮኼበታለሁ፣ መጮኽ አልነበረብኝም። ስለ ካርዱ ግን ያልሰማሁትን ፍርድ እሺ ብዬ ዋስ አልጠራም። የምሠራበት እኔ ነኝ። የማውቀውም እኔ ነኝ።»

የነፍስ አባታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ» አሉኝ፣ «ዋስ ካልጠራሽ እኛ ተነሥተን ነው የምንሄደው። ሽማግሌ ረገጠች ልትባዪ ነው። አስቢበት እንጂ።»

ፈራሁ። አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ። ሽማግሌ ረገጠች የተባለች ሴት ስሟ ከሷ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል፤ እናቷንም የሰው ዓይን ይገርፋታል። ነገር ግን እሺ የምትለው ቃል ወይ ፍንክች፣ ከአፌ አልወጣ አለች። የእድሩ ዳኛ ዘንጋቸውን ያዙ።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

«እኔ ዋሷ ነኝ» አለች።

ዳኛው ዘንጋቸውን እንደያዙ ቀሩ። «አንቺማ እናት ነሽ። ደግሞ ሴት ለዋስ ተጠርታ አናውቅም። ለመሆኑ ለምኗ ነው ዋስ የምትሆኝላት? ፍርዱን አልቀበልም ያለች እሷ ራሷ።»

«ፍርድ ለመቀበሏ አይደለም» አለች እናቴ። «ላለችው ነገር ነው። ያለችው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ እኔ ልጠየቅ።»

እናቴ ሽማግሌ በተቀመጠበት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ጠላ ስትቀዳ እንጂ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ቀጠለች። «እኔ የጠራኋችሁ ልጆቼ እንዲነጋገሩ ነው እንጂ ዕቃ እንድትመርጡላቸው አይደለም። ስለዚህ ዕቃ እኔ አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም፤ ይህ ልጄም የሚያወራው ከስልኩ ላይ አይቶ ነው። ከዚህ ቤት ውስጥ የምታውቀው እሷ ናት። አባ፣ እርስዎ ሲቀድሱ ቆሞ ዜማውን ቀንሱት የሚልዎት ሰው አለ?»

የነፍስ አባታችን ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ዋስነቴ የማይያዝ ከሆነ ግን» አለች እናቴ፣ «የጠራኋችሁ እኔ ነኝ፤ እኔው ልሸኛችሁ።»

ጆሮውን ያመነ ሰው አልነበረም፤ እኔ ራሴ አላመንኩም። ወንድሜ «እማዬ!» አለ። አልዞረችለትም። ዳኛው ወደ ነፍስ አባታችን አዩ፣ እሳቸው ወደ መሬት አዩ። ያን ጊዜ ነው እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተነፈሱት የዲማው አጎቷ ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

«ዋሱ ተይዟል» አሉ።

«እንዴት ሆኖ?» አሉ ዳኛው። «እንዲህ ያለ ዋስ አይተን አናውቅም እኮ።»

«እኔም አላየሁም። ተይዟል። ይህች የእህቴ ልጅ ናት፤ ቃሏን ስታጥፍ አላውቅም።» ከዚያ በማያይ ዓይናቸው ወንድሜ ወዳለበት ፊታቸውን አዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ያን ስልክህን አውጣ። ለዱባዩ ጻፍለት። እሷ ትንገርህ፣ አንተ ጻፍ።»

ወንድሜ ቆመ። የሰው ፊት እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም፤ ቁጣ ነበረበት፣ ኀፍረት ነበረበት፣ ትንሽ ሣቅም የነበረበት ይመስለኛል። ስልኩን አወጣ። የካርዱን ስምና ቁጥር ፊደል በፊደል ነገርኩት፣ ጻፈ። «ከዚያ አሥራ ሁለት ጊጋ ብለህ ጨምርበት» አልኩት። «በዚሁ ስም ስምንት ጊጋ የሆነም አለ፤ ሱቁ ያሳስተዋል።» ጣቱ ለአፍታ ስክሪኑ ላይ ቆመ። አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈና ላከው። መላኩን እንዳይ ስልኩን ወደኔ አዞረልኝ። ማንም ሳያዘኝ ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩት፤ ለጩኸቴ ነው። ትከሻዬን ይዞ አነሣኝ።

ዳኛው ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፣ ባዶውን ብርጭቆ ወደፊት ገፋ አደረጉ። እናቴ ማንቆርቆሪያውን አንሥታ መቅዳት ጀመረች። ከዳኛው ወደ ነፍስ አባታችን፣ ከሳቸው ወደ አጎቷ ሄደች፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ቆመች፣ ቀና ብላ አላየችኝም።

«እንግዲህ ልክ ሁኚ» አለችኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ልክ ነኝ» አልኳት።